ስለ አዕዋፍና ስለ ትንሽ አውሮፕላን የተደረገ ምልልስ

ተነጋጋሪዎቹ፤ የኔታ፣ በባሕር ዳር የሚኖሩ አረጋዊ የቅኔ መምህር፤ ካፒቴኑ፣ በልጅነቱ ከየኔታ ጉባኤ ቅኔ ቈጥሮ ኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የተሻገረ፣ ዛሬ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን የሚያበር ሰው።

የኔታ፦ ልጄ፣ በዚያች በትንሿ አውሮፕላንህ አሳፍረህ ላሊበላ ልታደርሰኝ ቃል ከገባህልኝ ወዲህ ደስታዬ ብዙ ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልቡናዬን አላሳርፍ ስላለው ሳልጠይቅህ መንገድ መግባት አልፈቅድም። በ1981 ዓ.ም. መስከረም 5 ቀን ከዚሁ ከከተማችን የተነሣውን ትልቅ አውሮፕላን የእርግብ መንጋ እንደ ጣለው የማያውቅ የባሕር ዳር ሽማግሌ የለም። ከመቶ ሰው በላይ ተሸክሞ በሁለት ሞተር የሚሄደውን ያን ግዙፍ ነገር፣ የዋህነቷ በወንጌል የተመሰከረላት እርግብ ከጣለችው፣ ያንተዋን አራት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀላል ነገር ምን ያቆማታል?

ካፒቴኑ፦ የኔታ፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ የፍርሃቱ ምክንያት ግን ጥቂት መታረም አለበት። ያ ቦይንግ 737 ወደ አሥመራ ለመሄድ ከዚህ ሲነሣ፣ ገና ከምድር እንደ ተላቀቀ በመንጋ የሚበሩ የዱር እርግቦች ገጠሙትና በሁለቱም ሞተሮቹ ዋጣቸው። አብራሪዎቹ ወደ ተነሡበት ለመመለስ ሲጥሩ ሞተሮቹ ስለ ከዷቸው ከማረፊያው ውጭ በግድ አረፉ፤ እሳትም ተነሣ፤ በውስጡ ከነበሩት 104 ሰዎችም 35ቱ ሞቱ። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ የጄት ሞተር አየርን በብዛት እየሳበ የሚሠራ ስለ ሆነ በፊቱ ያገኘውን ወፍም አብሮ ይስባል፤ በውስጡ በታላቅ ፍጥነት የሚዞሩት ምላጮችም ያን ጊዜ ይጣመማሉ፣ ይሰበራሉ። የእኔዋ አውሮፕላን ሞተር ግን እንደ መኪና ሞተር በፒስተን የሚሠራና ከፊቱ ፕሮፔለር የሚያሽከረክር ነው። ስለዚህ ያን ትልቅ አውሮፕላን የጣሉት እርግቦች በዚያው መንገድ እኔን ሊጥሉኝ አይችሉም፤ በአንጻሩ ግን ትልቁን አውሮፕላን በመስተዋቱ ላይ ተለጥፎ ከመቅረት በቀር ምንም የማያደርገው አንድ ብቸኛ ወፍ ለእኔ መልአከ ሞት ሊሆንብኝ ይችላል።

የኔታ፦ ይህን አብራራው እንጂ፤ በደፈናው አትለፈው።

ካፒቴኑ፦ ነገሩ የሕግ ነገር ነው። ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ለሥራ ከመፈቀዳቸው በፊት፣ በሙሉ የጉዞ ፍጥነታቸው ሲበሩ 1.8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወፍ ቢመታቸው የፊት መስተዋታቸው ሳይበሳ እንዲችል፣ ጅራታቸውም 3.6 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ተቋቁሞ ሰውን በደኅና ወደ ምድር እንዲያደርስ ይገደዳሉ። ይህንንም የሚፈትኑት የሞተ ዶሮ በአየር ግፊት በሚተኩስ መድፍ ከተው ወደ መስተዋቱ በመተኮስ ነው።

የኔታ፦ ዶሮ በመድፍ? እመቤቶቻችን አሥራ ሁለት ብልት አውጥተው የሚያከብሯትን ዶሮ እንዲህ ያለ መከራ ያገኛታል ብዬ አላሰብሁም ነበር። ይሁን፤ ቀጥል።

ካፒቴኑ፦ ለእኔዋ ዓይነት ግን ያን ፈተና ያዘዘላት የለም። ትንንሽ አውሮፕላኖች በብዛት የሚሠሩት በአሜሪካኖች ደንብ ነው፤ ያም ደንብ እስከ 19 መንገደኛ ለሚጭኑት፣ ከትንንሾቹ መካከል ከፍ ላሉት፣ የ0.9 ኪሎ ግራም ወፍ ፈተና ሲያዝ፣ ለባለ አራት ወንበሮቹ መስተዋት ምንም አያዝም። የትልቁ አውሮፕላን መስተዋት ንብርብር ነው፤ በንብርብሮቹ መካከል ያለውም ፕላስቲክ በኤሌክትሪክ እየሞቀ ስለሚለሰልስ የመጣበትን ምት ይቀበላል፤ የእኔ ግን ውፍረቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማያልፍ አንድ ገበታ ፕላስቲክ ነው። ደንብ አውጪዎቹን ልወቅስ አልወድም፤ ወፍራሙን መስተዋት ቢያደርጉልኝ ክብደቱ የመንገደኛዬን ቦታ ይወስድብኝ ነበር፤ ደግሞም ቀርፋፋ ስለ ሆንሁ ብዙው ወፍ አይቶኝ ገለል ይላል። ነገር ግን ገለል ያላለው አንድ ቀን ይመጣል። 8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጥንብ አንሳ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር በምበርበት ጊዜ ቢገጥመኝ፣ ምቱ አሥር ኩንታል ጤፍ ከአንድ ሜትር ከፍታ እንደ ተለቀቀ ያህል ነው። ፍጥነቴን እጥፍ ባደርገው ደግሞ የምቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል እንጂ ሁለት እጥፍ ሆኖ አይቀርም።

የኔታ፦ እንግዲያስ እኔም የያዝሁትን ልናገር። በአክሲማሮስ እንደ ተማርኸው፣ አዕዋፍ የሐሙስ ፍጥረት ናቸው፤ ከባሕር ወጥተው በክንፍ ይበርሩ ዘንድ አየሩ ተሰጣቸው። አዳም የተፈጠረው ዓርብ ነው፤ ለእርሱም የተሰጠው እግር ነው። የዓርቡ ፍጥረት የሐሙሱን ርስት በድፍረት ሲገባበት ባለ ርስቱ ቢገፋው ምን ይደንቃል? ነገሩን በዕድልና በፈቃደ እግዚአብሔር ላይ ጥሎ ማለፍ አይሻልምን?

ካፒቴኑ፦ ገፊና ተገፊ ሆነው የኖሩትስ ሰው መብረር ከጀመረ ጀምሮ ነው። ኦርቪል ራይት እ.ኤ.አ. በ1905 በኦሃዮ በቆሎ ማሳ ላይ ሲበር ወፍ እንደ መታ በማስታወሻው ጽፏል፤ አሜሪካን በአውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠው ካል ሮጀርስም በ1904 ዓ.ም. መጋቢት 25 ቀን በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ሲበር አንዲት የባሕር ወፍ ከመምሪያው ገመድ ገብታ ተቀረቀረችና ወድቆ ሞተ። ነገር ግን የኔታ፣ ከእርስዎ የተማርሁት እግዚአብሔር ፍጥረቱን በሥርዓት እንዳኖረ ነው እንጂ በዘፈቀደ እንደ በተነው አይደለም። ወፍ የሚበርበት ሰዓት አለው፤ የሚበርበት ከፍታ አለው፤ የሚወጣበትና የሚወርድበት ቦታ አለው። መስተዋቱ ደካማ የሆነ ሰው ይህን ሥርዓት ሳያጠና ቢበርና ቢወድቅ ጥፋቱን በመግቦት ላይ ማላከክ ድፍረት ይመስለኛል።

የኔታ፦ ተማሪዬ መልሶ ሲያስተምረኝ አልከፋም። ማስረጃህን አምጣ።

ካፒቴኑ፦ በርንሃርድ ግዢሜክ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ በጀርመን አገር የፍራንክፈርት የእንስሳት ማኖሪያ ሹም ነው። ሚካኤል የሚባል ልጅ ነበረው። ያን ጊዜ የታንጋኒካ የእንግሊዝ መንግሥት የሴሬንጌቲን ጥብቅ ቦታ ወሰን ሊለውጥ ስላሰበ፣ አባትና ልጅ እንስሳቱ የት የት እንደሚሰደዱ ሳይታወቅ ወሰን መቍረጥ ስሕተት ነው ብለው፣ ሁለቱም መብረር ተማሩና በ1950 ዓ.ም. ዶርኒየር በምትባል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከፍራንክፈርት ተነሥተው ራሳቸው እያበረሩ እስከ ሴሬንጌቲ ደረሱ። አውሮፕላኗን እንደ ሜዳ አህያ በጥቁርና በነጭ መስመር ቀቧት። ከዚያም በሜዳው ላይ ዝቅ ብለው፣ ቀጥ ባለ መስመር ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ፣ ከ360,000 በላይ እንስሳ ቆጠሩ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቆጠራ ያደረገ እምብዛም አልነበረም። በ1951 ዓ.ም. ጥር 2 ቀን ሚካኤል ብቻውን ሲበር ከአንድ ጥንብ አንሳ ጋር ተጋጨ፤ አሞራው የቀኙን ክንፍ መትቶ ቢያጣምመው የመምሪያው ገመድ ታነቀ፤ አውሮፕላኗም ወደ ምድር ተወረወረች። ዕድሜው 24 ዓመት ነበር። የቀበሩት በንጎሮንጎሮ ገደል አፋፍ ላይ ነው። አባቱ ኀዘኑን ይዞ መጽሐፉንም ፊልሙንም ፈጸመ፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1960 የኦስካር ሽልማት አገኘ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሞት አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ከልጁ አጠገብ ዐረፈ።

የኔታ፦ ነፍሱን ይማር። አሞራው ግን ያን የሚያህል በነጭና በጥቁር የተዥጎረጎረ፣ የሚያጓራ ነገር ሲመጣበት እንዴት ሳያየው ቀረ? የአሞራ ዓይን እኮ ጥንብን ከየት ነው የሚያየው!

ካፒቴኑ፦ እዚህ ላይ ነው ምሥጢሩ። ግራሃም ማርቲን የሚባል እንግሊዛዊ የወፍ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት የጥንብ አንሳን ዓይን መርምሮ እንዳሳየው፣ የአሞራው እይታ ከራሱ በላይ ሰፊ ዕውር ቦታ አለው፤ ግንባሩም ዓይኑን ከፀሐይ ይከልልለታል። ጥንብ ሲፈልግ ራሱን ወደ ምድር ያዘነብላል፤ ባዘነበለ ጊዜ ያ ዕውር ቦታ ከላይ ወደ ፊት ይዞርና የሚሄድበትን አቅጣጫ ይጋርደዋል። አየሩ ለእርሱ ከጥንት ጀምሮ ባዶ ስለ ነበረ ፊቱን አይቶ መሄድ አላስፈለገውም። እርስዎ ስለሚያደንቁት ዓይን ያሉት እውነት ነው፤ ግን ያ ዓይን ለምድር የተሠራ ነው።

የኔታ፦ እንግዲያውስ ክርክርህን ራስህ አፈረስኸው። አሞራው የማያይህ ከሆነ ሥርዓቱን ማጥናትህ ምን ይረባሃል?

ካፒቴኑ፦ እርሱ ስለማያይ የማየቱ ዕዳ ሁሉ የእኔ ሆነ ማለት ነው። ሚካኤል ከሞተ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ፣ በዚያው በሴሬንጌቲ ሰማይ፣ ኮሊን ፔኒኩይክ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሊቅ ትንሽ ሞተር ባላት ተንሳፋፊ አውሮፕላን ከጥንብ አንሶች ጋር እየበረረ እንዴት እንደሚንሳፈፉ ያጠና ነበር። ሞቃት አየር ከምድር ሲነሣ አሞሮቹ በላዩ እየዞሩ ይወጣሉ፤ እርሱም ሞተሩን አጥፍቶ፣ እነርሱ ወደሚዞሩበት አቅጣጫ እየዞረ፣ ከእነርሱ ፍጥነት ብዙ ሳይርቅ፣ አብሯቸው ይወጣ ነበር። ግላይደር አብራሪዎች ሁሉ ዛሬም አሞራ የሚዞርበትን ቦታ አይተው የሚወጣውን አየር ያገኙበታል፤ ወዳጃቸው ነው። ሰማዩ አንድ፣ አሞራው አንድ፤ ልዩነቱ በአካሄድ ላይ ነው። በዚህ ሚካኤልን መውቀሴ አይደለም፤ እንስሳ የሚቆጥር ሰው ዝቅ ብሎ ቀጥ ባለ መስመር በፍጥነት ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ አደጋውንም ከሥራው ጋር አብሮ ተቀብሎታል። እኔ ግን ሰው ከቦታ ወደ ቦታ የማደርስ ስለ ሆንሁ ቀኑ በሞቀ ጊዜ ከገደል አጠገብ ዝቅ ብዬ እንድሮጥ የሚያስገድደኝ የለም።

የኔታ፦ ይህ አሞራ ይህን ያህል ከፍ ብሎ ይወጣልን?

ካፒቴኑ፦ እ.ኤ.አ. በ1973 በአቢጃን ሰማይ በ37,000 ጫማ ላይ የሚበር አውሮፕላን አንድ ጥንብ አንሳ መትቶ አንድ ሞተሩ ተበላሽቷል፤ ላባው ሲመረመር ኤድዋርድ ሩፔል በተባለው ተጓዥ ስም የሚጠራው የእኛው ዓይነት ጆፌ አሞራ ሆኖ ተገኘ። ሩፔል ያ በ1820ዎቹ ዓ.ም. ሰሜንንና ጎንደርን የጎበኘው ነው፤ አገሩም ግዢሜኮች የኖሩባት ፍራንክፈርት መሆኗ ያስገርመኛል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ከፍታ ብርቅ ነው፤ ከወፍ ጋር የሚደረገው ግጭት አብዛኛው ለምድር በቀረበ ከፍታ፣ በመነሣትና በማረፍ ጊዜ ነው።

የኔታ፦ መርዝ ወይም ጥይት አያስፈልጋችሁም? የሰው ነፍስ ትበልጣለች እኮ።

ካፒቴኑ፦ ያ አሞራ በመርዝና በሌላም ምክንያት አልቆ ከመጥፋት አፋፍ ከደረሱት ዝርያዎች ተቆጥሯል። አሞራው ቢያልቅ ጥንቡ አያልቅም፤ ጥንቡ ሜዳ ላይ ሲሰነብት ደግሞ ውሻና ጅብ ወደ ማኮብኮቢያው ይመጣሉ፤ እነርሱን መምታትም የሚያስደስት ነገር አይደለም። መግደል ያልሠራውን ማጥናት ሲሠራው የታየው በእስራኤል ነው። በመጸውና በጸደይ በዚያች ጠባብ አገር ላይ ወደ 500 ሚሊዮን የሚገመቱ ወፎች ያልፋሉ፤ ከነዚህም መካከል ሽመላዎች አሉ፤ አንዱ ሽመላ እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል። የአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች በእነዚህ ወፎች ሲወድቁ፣ ዮሲ ሌሼም የሚባል የወፍ ሊቅ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሞተር ግላይደር ከመንጋው ጋር እየበረረ በየትኛው ሳምንት፣ በየትኛው መስመር፣ በምን ከፍታ እንደሚያልፉ በካርታ አወጣ፤ አብራሪዎቹም በዚያ ሰዓት ከዚያ መስመር እንዲርቁ ተደረገ፤ ጉዳቱም በብዙ ቀነሰ።

የኔታ፦ ሽመላ አልህ? እኔ በልጅነቴ ጎንደር አጠገብ ስኖር ጎረቤቶቻችን ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ አንጋጠው የኢየሩሳሌምን ደኅንነት በዜማ ይጠይቁት ነበር። ለካ ሽመላው እውነትም ከዚያ ነው የሚመጣው!

ካፒቴኑ፦ በዚያው በስምጥ ሸለቆ መስመር። አሁን ደግሞ ጥያቄውን የሚጠይቁት ሰዎች እዚያው ሆነው ከሥር ያዩታል።

የኔታ፦ ወደ ራስህ እንመለስ። አንተስ ወፍ መትተህ ታውቃለህ?

ካፒቴኑ፦ አውቃለሁ። አርባ ምንጭ ለማረፍ ዝቅ ባልሁ ጊዜ አንድ ጭላት ከግራ በኩል ብቅ አለ፤ አይቼው እንኳ «ወፍ ነው» ብዬ ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም፤ «ድው» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አውሮፕላኗም ትከሻዋን ነቀነቀች። ክንፍ ቅርጹ ከተበላሸ አየሩን የሚለቅበት ፍጥነት ስለሚለወጥ፣ ከፍታ ላይ ብሆን ኖሮ ቀስ ብዬ በመብረር ጠባይዋን እፈትናት ነበር፤ ለዚያ ከፍታ ስላልነበረኝ ከልማዴ በላይ በፈጠነ ሩጫ አሳረፍኋት። ወርጄ ሳይ ከክንፉ ግንባር ላይ ቡጢ የሚያስገባ ስርጉድ አለ፤ በስርጉዱ ውስጥ ላባ ከደም ጋር ተለጥፏል፤ ሁለት የብረት ስፌቶች ተነቅለው ቆርቆሮው ከንፈሩን ከፍቷል። ከዚያ ሦስት ሜትር ወደ ቀኝ ቢሆን ኖሮ መስተዋቱን ነበር የሚያገኘው። መስተዋት ሲሰበር ደግሞ ነፋሱ ፊት ላይ ይገባል፤ ዓይን ይጨፈናል፤ ራዲዮ አይሰማም፤ በዚህ ጊዜ አብራሪው ማድረግ ያለበት ሌላውን ሁሉ ትቶ ፍጥነቱን መቀነስና አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። መነጽር የማደርገው ለዚህ ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም።

የኔታ፦ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። ወፉን አስቀድመህ ብታየውስ?

ካፒቴኑ፦ ብዙዎቹ ወፎች ሲደነግጡ ክንፋቸውን አጥፈው ወደ ታች ስለሚወረወሩ ማምለጫው ወደ ላይ ነው፤ ነገር ግን በቂ ፍጥነት ሳይኖር አፍንጫን ወደ ላይ መገተር ክንፉን አየር ያስለቅቀዋል፤ ወፍ ሳይነካው ከወፍ በመሸሽ ብቻ የሚሞት አብራሪ አለ። ስለዚህ ከመነሣቴ በፊት የምሠራው ይበልጣል። በጠራራ ፀሐይም ቢሆን መብራቴን አበራለሁ። የሞተሩን ክዳን ከፍቼ በባትሪ እፈትሻለሁ፤ ወፍ በሞተር ክዳን ሥር ጎጆ መሥራት ትወዳለችና። አንድ ቀን ጧት ጠርጌ ባወጣሁት ቦታ፣ ምሳ በልቼ ስመለስ እንደ ገና እፍኝ ሙሉ ገለባ ተከምሮ አግኝቻለሁ፤ ያ ገለባ የሞተሩን ማቀዝቀዣ አየር ያፍናል፤ ሞተሩ ሲግልም እሳት ይይዛል።

የኔታ፦ ያን የጭላት ላባ ምን አደረግኸው?

ካፒቴኑ፦ በፖስታ ከትቼ ከነመግለጫው ለሚመለከተው ክፍል ሰጠሁ። ይህን ልማድ ያስጀመረችው ሮክሲ ሌይበርን የምትባል አሜሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1960 ኦክቶበር 4 ቀን በቦስተን አንድ ሎክሂድ ኤሌክትራ እንደ ተነሣ ወድቆ 62 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሞተሩ የተጠራቀመው ቅራፊ ወደ ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተላከላት። እርስዋም ከላባው ሥር ያለውን ልም ቃጫ በማይክሮስኮፕ መርምራ፣ በቃጫው ላይ ካሉት ቋጠሮች ቅርጽና ድርድር፣ ወፎቹ ስታርሊንግ የተባሉ ትንንሽ ወፎች መሆናቸውን ለየች። የጣሉት ወፎች እንዲህ ትንንሽ መሆናቸው ብዙዎችን አስገረመ። ከዚያ ወዲህ ሞተር የሚሠሩት ሰዎች ሞተራቸው ምን ያህል ወፍ ውጦ መቻል እንዳለበት የሚወስኑት ወፉ ማን እንደ ሆነ ከታወቀ በኋላ ነው። እኛ ትንንሾቹ ግን ሪፖርት ማድረግን እንንቃለን፤ ሰው ካልሞተ፣ ሰነዱ ያስቸግራል ብለን፣ ላባውን በውኃ አጥበን እንሄዳለን። በዚህ ምክንያት የትኛው ወፍ በየትኛው ሜዳ እንደሚያስቸግር መዝገቡ ባዶ ነው።

የኔታ፦ ይህ ስንፍና ነው፤ ስንፍና መሆኑን እወቀው።

ካፒቴኑ፦ አውቀዋለሁ። ከዚህ የሚብሰው ግን ከምድር ያለው ነው። ወፍ ወደ ማኮብኮቢያ የሚመጣው የሚበላው ስላለ ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከማረፊያው ዙሪያ እስከ 13 ኪሎ ሜትር ያለው የቆሻሻ መጣያና ወፍ የሚስብ ነገር ሁሉ እንዲታይ ይመክራል፤ በትልቅ አየር ማረፊያ ይህን የሚከታተል ሠራተኛ አለ። እኔ በማርፍባቸው የገጠር ሜዳዎች ግን ያለው ሠራተኛ ፍየሎቹን ከመስመሩ የሚያባርር አንድ ልጅ ነው፤ በዓል በዋለ ማግስት የከብት አንጀትና ቆዳ ከሜዳው ዳር ይጣላል፤ የሞተ አህያም ይጎተትበታል። አባ ኮዳውና ጥንብ አንሳው እዚያ ይሰበሰባሉ። እኔ ደግሞ በዚያው ላይ ዝቅ ብዬ እመጣለሁ።

የኔታ፦ ይህስ ባለ ሥልጣን አይጠብቅም። የደብሩ አስተዳዳሪና የአገሩ ሽማግሌዎች በሰንበት አንድ ቃል ቢናገሩ ጥንብ ሁሉ ይቀበራል። የምትሄድባቸውን ሜዳዎች ስም ጽፈህ ስጠኝ፤ ከየደብሩ ያሉት ብዙዎቹ ከጉባኤዬ የወጡ ናቸው፤ ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ።

ካፒቴኑ፦ ዛሬ ማታውኑ እጽፍልዎታለሁ።

የኔታ፦ አሁን ስለ መንገዳችን። ቅዳሜ ቅዳሴ ወጥቶ፣ እህል ቀምሼ፣ በ4 ሰዓት ብንነሣ ይስማማኛል።

ካፒቴኑ፦ አይሆንም የኔታ። ጥንብ አንሳ ከባድ ስለ ሆነ ፀሐይ ምድሪቱን እስክታሞቅለት ድረስ ከገደል አይነሣም፤ ከረፋዱ 3 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ 10 ሰዓት ግን የላስታ ገደል የእርሱ ነው። በጣም ማልደን ብንነሣ ደግሞ የጣና ወፎች ከማደሪያቸው ተነሥተው ዝቅ ብለው የሚተላለፉበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በ1 ሰዓት ተኩል ከዚህ ብንነሣ፣ የሐይቁ ወፎች ተበትነው፣ ያኛው ሳይነሣ፣ ላሊበላ ከ3 ሰዓት በፊት እንደርሳለን።

የኔታ፦ በ1 ሰዓት ተኩል ቅዳሜ ቤተ መቅደስ ውስጥ ነኝ። ረቡዕ ይሁን፤ ጾም ስለ ሆነ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ ኪዳኑን አድርሼ በ1 ሰዓት ከሜዳው እገኛለሁ።

ካፒቴኑ፦ ረቡዕ ተቆረጠ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ አውሮፕላኗ ትንሽ ስለ ሆነች ክብደትዎን ማወቅ አለብኝ።

የኔታ፦ ከነመቋሚያዬ ነው ወይስ ያለ መቋሚያዬ?